አንድነትና ልዩነት የሚያሳይ ድርሰት በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋል?

«የሁለቱን አንድነትና ልዩነት ጻፉ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ወዲያው መጻፍ ይጀምራል። ስለ አንደኛው ግማሽ ገጽ፣ ስለ ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ይሞላና «ይመሳሰላሉም፣ ይለያያሉም» ብሎ ይዘጋል። ሰዋስዉ እንከን ባይኖረው እንኳ ይህ ማወዳደር አይደለም፤ ሁለት መግለጫ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ200 እስከ 250 ቃላት ለሚሆን ድርሰት ነው። 40 ደቂቃ ካላችሁ 10ሩን ለዝግጅት፣ 25ቱን ለመጻፍ፣ 5ቱን ለማረም ያዙ።

ምሳሌውን ከሐዋሳ እንውሰድ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚሸጡት ቆሮሶና አምባዛ በእንግሊዝኛ ቲላፒያ እና ካትፊሽ ይባላሉ። ሁለቱም ከአንድ ሐይቅ የሚወጡ ዓሦች ስለሆኑ ለማወዳደር ይመቻሉ። ቆሮሶን ከጀልባ ጋር ማወዳደር ግን የትም አያደርስም፤ አንድነት ከሌለ ልዩነቱ ትርጉም የለውም።

1. ለማን እንደምትጽፉ ወስኑ

«ዓሣ ገዝቶ የማያውቅ ሰው የትኛውን ይግዛ?» ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ጥያቄ የትኛው ዝርዝር እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር ይወስንላችኋል።

2. ሰንጠረዥ ሥሩ

ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ በግራ መመዘኛው፣ መሃል ቆሮሶ፣ በቀኝ አምባዛ። ቆዳ በሚለው ረድፍ፦ ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ሙልጭልጭ ነው፣ አፉ ዙሪያም ጢም የሚመስል ነገር አለው። አተነፋፈስ በሚለው፦ ሁለቱም በውሃ ውስጥ ይተነፍሳሉ፤ አምባዛ ግን ከላይ አየር መሳብም ስለሚችል ከውሃ ወጥቶ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት ይቆያል። አበላል በሚለው፦ ሁለቱም ለጥብስም ለጉላሽም ይሆናሉ፤ ሆኖም ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በእምነታቸው ምክንያት የማይበሉ ሰዎች አሉ።

አንድ ረድፍ ላይ ባዶ ሳጥን ከቀረ ወይ ሙሉት ወይ ረድፉን ሰርዙ። «ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ አምባዛ ግን ትልቅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚወለደው ከባዶ ሳጥን ነው። ቅርፊት በቅርፊት፣ መጠንም በመጠን ይለካል። ለዚህ ርዝመት ሦስት ረድፍ ይበቃል፤ አምስት ከሆነ ሁሉም ሳይብራራ ይቀራል።

3. ቅርጹን ምረጡ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስለ ቆሮሶ ሁሉን ጨርሶ ወደ አምባዛ መሄድ ነው፤ ለአንድ አጭር አንቀጽ ይሆናል። ሁለተኛው በየመመዘኛው አንድ አንቀጽ ይዞ ሁለቱንም እዚያው ማወዳደር ነው። ለ250 ቃላት ሁለተኛውን ያዙ፣ ምክንያቱም አንባቢው አምባዛ ዘንድ ሲደርስ የቆሮሶውን አይረሳም። በየአንቀጹ ቆሮሶን ካስቀደማችሁ እስከ መጨረሻው አስቀድሙ።

4. የመግቢያውን ዋና ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ቲላፒያ ኤንድ ካትፊሽ ሃቭ ሲሚላሪቲስ ኤንድ ዲፈረንሰስ» ምንም አይናገርም፤ ስለ ማናቸውም ሁለት ነገሮች ሊባል ይችላል። «ኦልዞው ቦዝ ፊሽ ካም ፍሮም ሌክ ሃዋሳ፣ ዘይ ዲፈር ኢን ስኪን፣ ብሪዚንግ ኤንድ ዩዝ» ግን አንድነቱንም፣ ሦስቱን መመዘኛዎችም በቅደም ተከተላቸው ይናገራል። አንቀጾቹም በዚሁ ቅደም ተከተል ይምጡ።

5. «ከ» ላይ ተጠንቀቁ

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ዓይነት ድርሰት የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «አምባዛ ከቆሮሶ ይተልቃል» እንላለን። «ከ» በሌላ ቦታ ፍሮም ስለሚሆን ተማሪው «ቢገር ፍሮም ቲላፒያ» ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ «ቢገር ዛን ቲላፒያ» ነው። «ከቆሮሶ ይለያል» ሲሆን ግን በእርግጥም «ዲፈረንት ፍሮም» ይባላል። «ከቆሮሶ ጋር አንድ ነው» ደግሞ «ዘ ሴም አዝ» እንጂ «ዘ ሴም ዊዝ» አይደለም። አንዱ «ከ» ሦስት ቦታ ሦስት መልክ ስላለው ሦስቱን ለየብቻ በቃል መያዝ ይሻላል።

ከዚያው ምንጭ የሚመጣ ሌላም ስሕተት አለ። «ይተልቃል» ራሱ ግስ ስለሆነ ተማሪው እንግሊዝኛው ላይ ኢዝን ይረሳል፤ «ካትፊሽ ኢዝ ቢገር» እንጂ «ካትፊሽ ቢገር» አይባልም። «ይበልጥ ትልቅ» የሚለውን ተከትሎ «ሞር ቢገር» ማለትም ስሕተት ነው፤ ቢገር ብቻውን ይበቃል።

«የአምባዛ ቆዳ ከቆሮሶው ይለሰልሳል» ስንል «ው» ቆዳን ተክታ ገብታለች። እንግሊዝኛው ይህን ሥራ ለዛት ኦፍ ይሰጣል፦ «ዘ ስኪን ኦፍ ካትፊሽ ኢዝ ስሙዘር ዛን ዛት ኦፍ ቲላፒያ»። ዛት ኦፍ ከተዘለለ ቆዳ ከሙሉ ዓሣ ጋር ይወዳደራል። ነገሩ ብዙ ከሆነ ዞዝ ኦፍ ይባላል።

6. አያያዥ ቃላቱን በቦታቸው አስገቡ

ዋይል እና ዌርአዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሐሳብ ያያይዛሉ። ሃውኤቨር ግን ነጥብ ከተደረገ በኋላ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ኮማ ይከተለዋል። «ምንም እንኳ... ቢሆንም፣ ነገር ግን» ማለት ስለለመድን ኦልዞውንና ባትን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደርባለን፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይቀበላል። «በሌላ በኩል» በአማርኛ ተጨማሪ ሐሳብም ያመጣል፤ ኦን ዘ አዘር ሃንድ ግን ተቃራኒ ሐሳብ ከሌለ አይገባም። ለመመሳሰል ቦዝ፣ ላይክ እና ሲሚላርሊ ይበቃሉ።

7. አርሙ

በቀሩት 5 ደቂቃዎች ዛን የሚለውን ሁሉ አስምሩበት፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን፣ ከፊቱም ግስ መኖሩን እዩ። ቀጥሎ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከመግቢያው ጋር አመሳክሩ። በመጨረሻ መዝጊያውን አንብቡና ገዢው መልስ ማግኘቱን አረጋግጡ። ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ቤተሰብ ያለው ሰው ቆሮሶውን እንዲይዝ ካልነገራችሁት፣ የጎደለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ያቺ ናት፤ ጨምሯት።