ለሆድ የሚስማማ የተልባ ውሃ አዘገጃጀት

ብግነትን ይቀንሳል የሚባለው የባሕር አረም ከጎንደር ሩቅ ነው። በውስጡ ያሉት ፉኮይዳንና አልጂኔት የተባሉ ፖሊሳካራይዶች (ከብዙ ስኳሮች ሰንሰለት የተሠሩ ውህዶች) ብግነትን ይቀንሳሉ የሚለው ማስረጃም ገና በአብዛኛው ከቤተ ሙከራና ከእንስሳት የተገኘ ነው። ተልባ ግን ቅዳሜ ገበያ አለ፤ የሚያዝለገልገው ፖሊሳካራይዱም ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው።

2 የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ አበጥሩ። ማጠብ ካስፈለገ ለቅለቅ ብቻ፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ ዝልግልጉ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። በግማሽ ሊትር ውሃ፣ በዝግታ እሳት፣ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ ቀቅሉ። ካላማሰላችሁት ከድስቱ ሥር ይይዛል። እንደ እንቁላል ነጭ ሲሳብ አውርዱና ወዲያው በትኩሱ በስስ ጨርቅ አጥልሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከቀዘቀዘ ይወፍርና አልወርድ ይላል። እንዲያ ከሆነ ጥቂት የፈላ ውሃ ጨምራችሁ አሙቁት። ማር የሚገባው ለብ ሲል ነው።

በቀን አንድ ብርጭቆ ይበቃል። የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዩት።

ዝልግልጉ የመድኃኒትን ወደ ደም መግባት ሊያዘገይ ስለሚችል ክኒን የሚወስድ ሰው 2 ሰዓት ያራርቀው። የአንጀት መጥበብ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ደረቅ የተልባ ዱቄት ያለ በቂ ውሃ መቃምም ሆድ ያደርቃል።