የተፈጥሮ ቻናል ከልጆች ጋር እንዴት ይታያል?

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ብርዱ ሲጠና ልጆች ቴሌቪዥን ፊት መሰብሰባቸው አይቀርም። እንግዲያው የሚያዩትን እንምረጥላቸው።

መጀመሪያ የቻናሎቹን ታሪክ በትንሹ እወቁ። ዲስከቨሪ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ መሥራቹ ጆን ሄንድሪክስ ነው። ያኔ ዋና ይዘቱ የሳይንስ፣ የተፈጥሮና የታሪክ ዘጋቢ ፊልም ነበር። በ1988 የሻርክ ሳምንትን ጀመረ። በ1996 ደግሞ እንስሳት ላይ ያተኮረው አኒማል ፕላኔት መጣ። ከ2000ዎቹ ወዲህ ግን ዲስከቨሪ ላይ የዓሣ አጥማጆች፣ የመኪና ሠሪዎችና የወርቅ ፈላጊዎች ፕሮግራም በዛ። መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ስለ እንስሳት ሊማር ለተቀመጠ ልጅ አይሆንም። ስለዚህ የቻናሉን ስም ብቻ አይታችሁ ሪሞቱን አትስጡ፤ የፕሮግራም ዝርዝሩን ከፍታችሁ ምረጡ።

ከዚያ አብራችሁ እዩ። ዋናው ይሄ ነው! እንግሊዝኛው ከከበዳቸው ድምፁን ቀንሱና በአማርኛ ተርኩላቸው፣ መሃል ላይም «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» እያላችሁ ጠይቋቸው።

ጭላዳ ከመጣ በደንብ ቁሙበት። በዱር የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ዋና ምግቡም ሣር ነው። እኛ ደግሞ መንዝ ጓሳ አለን፤ የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል ነባር የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት፣ ግጦሹ መቼ እንደሚዘጋና ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ እየወሰነ፣ ለዘመናት የጠበቀው ቦታ። በበጋ ውሰዷቸው። ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ጃኬት አትርሱ። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን ነው፣ ስለዚህ በጊዜ ድረሱ፤ ለልጆቹም ድምፅ እንዳያሰሙ ቀድማችሁ ንገሯቸው።