20 ደቂቃ ሄዳ የምትጠፋው ሞተሬ

ሞተሬ የድሮ ፋሽን መልክ ያላት፣ ተደላድለው የሚነዷት 250 ሲሲ ክሩዘር ናት። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል)፣ ዋጋዋም የማይከብድ። ቀስ ብሎ ለሚንሸራሸር ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ችግሯ ግን አሰልቺ ነበር። 20 ደቂቃ ያህል ሸጋ ሆና ትሄድና ጉልበቷ ይከዳታል፤ ተንተፋትፋ ትጠፋለች። ትንሽ አርፋ ስትነሳ ምንም ያልነካት ትመስላለች። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ። ካርቡሬተሩን ፈታትቼ አጠብኩ። ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ስትል፣ ቤንዚን አልቆ ይሆን ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት። «ፍስስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ሞተሩን ባስነሳው ወዲያው ተነሳ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። የእኔዋ ፓምፕ የላትም፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ነው ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው። በወረደ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። የሚገባው ደግሞ ክዳኑ ላይ ባለች ትንሽዬ መተንፈሻ ነው። እሷ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል።

ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጠርጌ በአየር ነፋሁት። የወጣው ቆሻሻ የጎመን ዘር አያክልም። ለዚህ ነው እንግዲህ ካንዴላ የገዛሁት! በማግስቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳኋት፤ አልጠፋችም።