ቪትዝና ኮሮላ እንዳይፈሉ፦ ክዳን፣ ቴርሞስታትና ኩላንት

አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። የመኪናዎ ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ሙቀት ይሠራል። ስለዚህ ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለና ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቆመ፣ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረለትን ጤነኛ ሞተር ያለ ዕድሜው ከሚያስወርዱት አንዱ ይኸው ነው።

ከክዳኑ ይጀምሩ፤ ከሁሉም ርካሹም የሚረሳውም እሱ ነው። የራዲያተር ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ብቻ አይዘጋም፤ ስፕሪንጉ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። 1.1 ወይም 108 የሚል ቁጥር ያለበት ክዳን በትክክል ከሠራ አዲስ አበባ ላይ ተራውን ውሃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ ግን ከድስት ክዳን አይሻልም። ለመፈተሽ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ በመጠባበቂያው ፕላስቲክ ዕቃ ላይ የውሃውን ልክ በእስክሪብቶ ያስምሩ። ነድተው ሲመለሱ ውሃው ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ማለት፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ወደ መስመሩ መመለስ አለበት። ከፍ ብሎ ከቀረ ክዳኑ መልሶ አይስብም፣ ወይም ከራዲያተሩ ወደ መጠባበቂያው የምትሄደው ቀጭን ጎማ የሆነ ቦታ አየር ታስገባለች። አዲስ ሲገዙ ቁጥሩ ፋብሪካው ካዘዘው ጋር አንድ ይሁን፤ «ጠንከር ያለ» ብለው የሚሸጡልዎ ክዳን ያረጀ ራዲያተር ወይም ማኒኮቶ (ወፍራሙን የውሃ ጎማ) ያፈነዳል።

ቴርሞስታት ላይ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ በሚዘጋው ቫልቭ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። መኪናው ሲፈላ «አውጥተን እንጣለው» የሚል መካኒክ አይጠፋም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ትርፉ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ይበላሉ። በዚያ ላይ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውስጥ መመለሻውን መንገድ ይዘጋል፤ ከወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ እዚያው ይዞራል፣ ዳገት ላይም ይብሱን ይሞቃል። በብዙ ቪትዞች የሙቀት ቀስት ስለሌለ ሰማያዊዋን መብራት ይመልከቱ፤ ሞተሩ ሲሞቅ መጥፋት አለባት። ግማሽ ሰዓት ነድተው ካልጠፋች ቴርሞስታቱ ወጥቷል ወይም ተከፍቶ ቀርቷል።

ያለውን ለመፈተሽ በሽቦ አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ይንከሩት፣ ቴርሞሜትር አብረው ያስገቡና ውሃውን ቀስ ብለው ያሙቁ። 82 የሚል ከተጻፈበት በ80 እና በ84 መካከል መከፈት ይጀምራል። የፋብሪካ መመሪያዎች በ95 ዲግሪ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ይከፈት ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ድስትዎ 95 ስለማይደርስ ትንሽ ቢያንስ አይጣሉት። ሲገጥሙት የምትንቀሳቀሰዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። በዙሪያው ያለውን ማሸጊያ ጎማም አብረው ይቀይሩ።

ኩላንት፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የሚቀየረው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ነው። ከራዲያተሩ ግርጌ ያለውን መፍሰሻ ብቻ ከፈቱ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል፤ በሞተሩ ጎን ያለውንም ብሎን ይፍቱ። የሚወርደውን በባልዲ ይያዙት፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል። የወጣው ቀይ አፈር ከመሰለ ጥርት ያለ እስኪወርድ በውሃ ደጋግመው ይጠቡ፣ የመጨረሻውን እጥበት በዲስትልድ ውሃ ያድርጉ። ዲስትልዱን ከባትሪ ሻጭ ሲገዙ አሲድ እንዳይሰጡዎ ያረጋግጡ። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ በማንቆርቆሪያ ግርጌ እንደሚያዩት ያለ ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጥላል።

የቪትዝ ሥርዓት ከ4 እስከ 5 ሊትር፣ የኮሮላ ደግሞ እስከ 6 ሊትር ተኩል ይይዛል፤ ትክክለኛው ልክ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ከታጠበ በኋላ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ውስጡ ስለሚቀር ያልተበረዘ ኩላንት ከገዙ መጀመሪያ የጠቅላላውን ግማሽ ያህል ኩላንት ያፍስሱ፣ ቀሪውን በዲስትልድ ይሙሉ። 5 ሊትር ለሚይዝ 2 ተኩል ሊትር ማለት ነው። ቀለም አይመኑ፤ አረንጓዴም ቀይም ማንኛውም አምራች ሊቀባው ይችላል፣ ስለዚህ ጀሪካኑ ላይ ያለውን ያንብቡ፣ ሁለት ዓይነትም አይቀላቅሉ። የቶዮታ ሮዝ ኩላንት ተበርዞ የሚመጣ ሲሆን መጀመሪያ በ160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ታሪኩ ለማይታወቅ መኪና ይህ ስሌት አይሠራም፤ እንደገዙት ይቀይሩ።

ሲሞሉ አየር ይታሰራል፤ ብዙ «ኩላንት ቀይሬም ፈላ» የሚባለው ከዚህ ነው። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አድርገው ያቁሙ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ያድርጉ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ያስነሱ። የላይኛውን ማኒኮቶ ጓንት አድርገው ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉ፤ አረፋ ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ይጨምሩ። ማኒኮቶው ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ ክዳኑን ገጥመው ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ይጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ልኩን ይዩ።

ውሃ እየጎደለ ከመሬት ምንም ካላዩ በማኒኮቶ መጋጠሚያና በውሃ ፖምፓው ሥር የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ቅርፊት ይፈልጉ። ምንጣፉ ከረጠበ የማሞቂያው ራዲያተር ነው። አንዱም ከሌለ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት መሳይ ነገር ካለ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ይጠረጠራል። ወተቱ ብቻውን አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይም ከእርጥበት ይመጣል፤ በእሱ ብቻ ሞተር አያስፈቱ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ይጠብቅዎታል፤ ያ ቦታ የማቀዝቀዣ ፈተና ነው። ኤሲ ያጥፉ፣ ዝቅ ባለ ማርሽ ይውጡ። ሙቀቱ ከጨመረ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ቀይ መብራት ከበራ ግን ዳር ይዘው ወዲያው ያጥፉ፤ «እስከሚቀጥለው ከተማ» ያሉት 5 ኪሎ ሜትር ቴስታታውን አጣሞ ቶርኖ ቤት ያስልከዋል። ቢያንስ 45 ደቂቃ ይጠብቁ። ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው መጀመሪያ እስከ ግማሽ ያዙሩ፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ይክፈቱ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ አያፍሱ፤ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ከበረደ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይሙሉ፣ ደጀን ሲደርሱም እንደገና ልኩን ይዩ።