መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጉት

ማኅበራዊ ችግር የሚፈታ የቴክኖሎጂ ሥራ ፈጠራ ማስተማር የጀመርኩ ዕለት፣ ተማሪዎቼን «ምን ሐሳብ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ተሳስቼ ነበር። ከ11 ቡድን ዘጠኙ አፕ ይዘው መጡ። ችግሩ ያለበትን ሰው ያነጋገረ ግን አንድም አልነበረም።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ኮምፒውተር አይከፈትም። ተማሪዎቹ ያኮርፋሉ። ያኩርፉ።

አንዱ ቡድን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች «የሚያነብ አፕ» ሊሠራ ተነስቶ ነበር። ስም ወጥቷል፣ ሎጎው አልቋል። (ሎጎ ሁሌም ቀድሞ ነው የሚያልቀው።) ሂዱና አንዷን አነጋግሩ ብዬ ላክኋቸው። ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ቶክባክ የሚባለው የአንድሮይድ አንባቢ፣ እነሱ ጆሯቸውን ቀስረው እንኳ ሊከተሉት በማይችሉት ፍጥነት ያነብላታል። «የሚያነብማ አለኝ» አለቻቸው። «መምህራን ሃንድአውቱን በፎቶ ይልኩታል። ፎቶው ጋ ሲደርስ ዝም ይልብኛል።» ሎጎው እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ከኮዱ በፊት መጠየቅን አስተምሩ። «እንዲህ ያለ አፕ ቢኖር ትጠቀማለህ?» የሚለውን ከልክሉ። ሰው ይሉኝታ ይዞት አዎ ይላል። «ባለፈው ሲቸግርህ ምን አደረግህ?» ይበሉ። መልሱን በራሱ በሰውየው ቃል ይጻፉ። ስሙን ግን አይጻፉ፤ ድምፅ ለመቅዳትም አስቀድመው ያስፈቅዱ።

በዚህ ጊዜ የምነግራቸው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮርስ ላይ ተማሪዎች ርካሽ ኢንኩቤተር (ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚሞቅበት መሣሪያ) እንዲሠሩ ተሰጣቸው። ኔፓል ሄደው ሲያዩ የከተማው ሆስፒታል ኢንኩቤተሮች ባዶ ነበሩ። ያለጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ያሉት ራቅ ባለ ገጠር ነው። በመጨረሻ የሠሩት ኢንኩቤተር አልነበረም፤ ሰም መሰል ነገር ሙቀቱን የሚይዝለት፣ እንደ መኝታ ከረጢት ያለ መጠቅለያ ነው። ኤምብሬስ አሉት።

ቀጥሎ ያለው የምወደው ክፍል ነው፦ ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ መጀመሪያ በእጅ ማሠራት። የሚያነብ አፕ ሊሠራ የነበረው ቡድናችን ለአንድ ሳምንት የሃንድአውቶቹን ፎቶዎች በቴሌግራም እየተቀበለ፣ ቁጭ ብሎ እየተየበ መለሰ። በሦስተኛው ቀን ጣታቸው ዛለ። ግን ሠንጠረዥ ሲነበብ ምን እንደሚያምታታት ከልጅቷ ሰሙ። አንድ ሌላ ነገርም ደረሱበት፤ አብዛኛው ሃንድአውት መምህሩ ኮምፒውተር ላይ በማይክሮሶፍት ወርድ ተጽፎ ቁጭ ብሏል! ፎቶ የሚላከው ስለሚቀል ብቻ ነው። በኋላ የጻፉት ቦት (በቴሌግራም በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ፕሮግራም) መጀመሪያ መምህሩን ዋናውን ፋይል ይጠይቃል። ፋይሉ የሌለውን ብቻ ከፎቶ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ኮዱ አጭር ነው። አንዳንዱ ሥራው አነሰ ብሎ ቅር ይለዋል፤ ችላ በሉት።

ሙከራው ላይ ሰዎች «አላግባብ» የተጠቀሙበትን ልብ ብለው ይዩ። የኬንያው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳ ሲሞከር የታሰበው ለአነስተኛ ብድር መክፈያ ነበር። ሰዎቹ እርስ በርስ ገንዘብ መላላክ ያዙበት። እ.ኤ.አ. በ2007 በይፋ ሲጀመር ገንዘብ መላኪያ ሆኖ ነው የወጣው።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ወረቀት ለሁለት ይከፈል፦ «ማን ይጠቀማል»፣ «ማን ይከፍላል»። በማኅበራዊ ችግር ሁለቱ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የኛ ልጆች ተማሪዋን ሊያስከፍሉ ነበር። ትምህርቱን ለእሷም የማድረስ ግዴታ ያለበት ግን ትምህርት ቤቱ ነው። በጀት የሚፈርመውን ኃላፊ ፈልገው እንዲያነጋግሩ አደረግኩ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰረዘባቸው። በሦስተኛው «በወር ስንት?» አለ። መልስ አላዘጋጁም ነበር!

ማርክ የምሰጠው በማስታወሻ ደብተራቸው ነው። ከመቶው 40ው «ምን አስበን ነበር፣ ማን ምን ብሎን ቀየርነው» ለሚለው ገጽ ነው። 10ሩ ለመጨረሻው ቀን ማቅረቢያ። ለሎጎ ዜሮ።