በግማሽ ቀን የአዲስ አበባን ጥንታዊ ቤቶችና ግቢዎች በመኪና እንዴት ትጎበኛላችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። እሁድ መስቀል አደባባይ ሩጫ ካለ መንገድ ይዘጋል፤ በሥራ ቀን ደግሞ ጭንቅንቁ ልብ ያደርቃል። ነዳጅ ከዋዜማው ይሞላ። መታወቂያ አትርሱ። ሙዚየሞቹ ክፍት መሆናቸውንም ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

መንገዱ ከላይ ወደ ታች ነው፦ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ መስቀል አደባባይ። አንድነት ፓርክን አትደርቡበት። እሱ ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው መኪና ማቆሚያ ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ስድስት ኪሎን አይተን ፒያሳ ስንደርስ «አምስት ደቂቃ ናት እማዬ» ብዬ መንገድ ዳር አቆምኩ። ስንመለስ ታርጋው ተፈቷል። ጉዞው እዚያው አበቃ። እማዬ ያን ያህል ጓጉታ የወጣችበትን ሳታይ ወደ ቤት ተመለስን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በየቦታው የት እንደምታቆሙ ወስኑ። ክፍያ ያለው ማቆሚያ ይሻላል። የፓርኪንግ ልጆቹ ወረቀት ሲሰጧችሁ የተጻፈውን ሰዓት እዚያው እዩት። ማፕን ብዙም አትመኑ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ብዙ መታጠፊያ ተቀይሯል፤ የታክሲ ሾፌር መጠየቅ ይበልጣል።

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ አትቸኩሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት በ1954 ነው። ቤተ መንግሥቱ አሁን ሙዚየም ነው፤ ውስጡ የንጉሡን መኝታ ቤት ፈልጉ። መስተዋቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተወው ነው። ከዚያ ወደ አትክልቱ ውጡ። የትም የማይደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ታያላችሁ። ቁጠሩት፣ 14 ነው። ጣሊያኖች የሠሩት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እያሉ ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እነሱ ይቁጠሩት፤ ከዚያ ታሪኩን ንገሯቸው።

በራስ መኮንን ድልድይ አድርጋችሁ ፒያሳ ግቡ። መኪናውን ጣይቱ ሆቴል ግቢ አስገቡና ቡና ጠጡ። የከተማዋ የመጀመሪያ ሆቴል ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት። ጥር 2007 ቃጠሎ ደርሶበት ነበር። የእንጨት ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ድምፁ ራሱ ዕድሜውን ይናገራል።

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ውረዱ። መስቀል አደባባይ ከምድር በታች ሰፊ ማቆሚያ አለው፤ እዚያ አቁማችሁ በእግር ወደ ራስ ብሩ ቤት ሂዱ። አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው፤ የተከፈተው ከተማዋ 100 ዓመት ሲሞላት፣ በ1979 ነው። ውስጡ የድሮዋ አዲስ አበባ ፎቶዎች አሉ። ጠዋት ያለፋችሁባቸውን መንገዶች እነሱ ላይ ፈልጉ። ፒያሳን እኔ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ስደርስ ነው የለየሁት።