በመኪና ውስጥ የትራፊክ መረጃ ማሳያ ላይ የፓተንት ክስ ሲመጣ የሚሠሩ ስህተቶች

ርዕሱን አይቶ መፍረድ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው! «የትራፊክ መረጃ ማቅረቢያ ሥርዓት» የሚል ርዕስ ያነበበ መሐንዲስ ወይ «ይሄማ የማይሠራው የለም» ብሎ ይንቀዋል፣ ወይ ደንግጦ ክፍያ ለመደራደር ይሮጣል። በአሜሪካ ሕግ የመብቱን ወሰን የሚያሰምሩት በሰነዱ መጨረሻ በቁጥር የተደረደሩት የመብት ጥያቄዎች ናቸው። በሌላ ጥያቄ ላይ ሳይንጠለጠሉ ራሳቸውን የቻሉትን ጥያቄዎች ለዩና ሐረግ በሐረግ ከምርታችሁ አሠራር ጋር ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አስቀምጡ። ጥያቄው መኪናው ያለበትን ቦታ ለማዕከል ልኮ ለዚያ ቦታ የሚሆን መረጃ እንዲቀበል የሚጠይቅ ከሆነ፣ በኤፍኤም ሞገድ ለሁሉም እኩል የሚሰራጨውን አርዲኤስ-ቲኤምሲ የተባለ የትራፊክ መረጃ ብቻ የሚቀበል መሣሪያ ለማንም ምንም አይልክም። አንድ ሐረግ ካልተሟላ ቃል በቃል ጥሰት የለም። ባለመብቱ «ያው ተመጣጣኝ ነው» ካለ ደግሞ የምርመራ መዝገቡን፣ ማለትም ፓተንቱ ሲጠየቅ ከፓተንት ቢሮው ጋር የተደረገውን የጽሑፍ ልውውጥ አውጡ፤ ፓተንቱን ለማግኘት ሲል ያጠበበውን በክርክር ላይ መልሶ ማስፋት አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድለትም።

እርምጃዎቹን ማን እንደሚፈጽም አለመጠየቅ። ስሌቱ በመረጃ አቅራቢው ሰርቨር፣ ማሳያው በመኪናው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የዘዴ ፓተንት (የአሠራር እርምጃዎችን የሚጠብቀው) በቀጥታ ተጣሰ የሚባለው ሁሉም እርምጃዎች በአንድ አካል ላይ ሲያርፉ ነው። በአካማይ ኩባንያ ክስ ላይ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 የሰጠው ውሳኔ አንዱ ሌላውን የሚመራበትን ወይም የሚቆጣጠርበትን፣ በጋራ ሥራ የተሳሰሩበትንም ሁኔታ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከአቅራቢው ጋር ያላችሁን ውል አንብቡ።

ፓተንቱ አዲስ ነገር አልነበረም ለማለት ቀድሞ የነበረን ቴክኖሎጂ ያለ ቦታው ማቅረብ። በ1992 ኦርላንዶ ላይ የተጀመረው የትራቭቴክ ሙከራ በ100 መኪኖች ውስጥ የትራፊክ መረጃን በስክሪን አሳይቷል፤ መኪኖቹም የጉዞ ጊዜያቸውን ወደ ማዕከሉ ይልኩ ነበር። ለመኪኖች የትራፊክ መረጃ የሚያሰራጨው የጃፓኑ ቪክስም በ1996 ሥራ ጀምሯል። ግሩም ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን የፓተንት ቢሮው አይፒአር በተባለው፣ የተሰጠ ፓተንት እንዲሰረዝ በሚጠየቅበት የክርክር ሂደት የሚቀበለው መሠረት ፓተንትና የታተመ ጽሑፍ ብቻ ነው። መኪናው ራሱ ለፍርድ ቤት ይቆይ፤ ለቢሮው በጊዜው የታተመውን የቴክኒክ ጽሑፍ ከነኅትመት ቀኑ አቅርቡ። በቢሮው የሚጠበቀው የማስረጃ ክብደትም ከፍርድ ቤቱ ያንሳል።

የአይፒአር አቤቱታ ክሱ ከደረሳችሁ በ1 ዓመት ውስጥ ካልገባ በሩ ይዘጋል። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰዓቱን አያስጀምርም።

«መረጃ ሰብስቦ ማሳየት ረቂቅ ሐሳብ ነው»፣ ስለዚህ ፓተንት አይገባውም የሚለውን የ2016ቱን የኤሌክትሪክ ፓወር ግሩፕ የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ ይዞ መተኛትም አይበጅም፤ ጥያቄው የተለየ ቴክኒካዊ ማሻሻያ ካለው መከላከያው ሊወድቅ ይችላል።

ፓተንቱ ጊዜው አልፏል ብሎ ፋይሉን መዝጋትም አለ። ዕድሜው በመሠረቱ ከማመልከቻው ቀን 20 ዓመት ነው፤ ካሣ ግን ክሱ ከመመሥረቱ በፊት ላሉት 6 ዓመታት ስለሚጠየቅ፣ ፓተንቱ በሕይወት ሳለ የተሸጡት መኪኖች ሒሳብ ገና አልተዘጋም።